በገናዬን ቤት ትቼ፦ ሰባት ቀን በጃፓን

ስልጠናው ዓርብ አለቀ። አሥራ አንድ ሆነን ነበር የመጣነው። ለሁለት ሳምንት ካይዘን ተማርን፣ ፋብሪካ ጎበኘን፣ ሰርተፊኬት ተቀበልን፣ ፎቶ ተነሣን። ቅዳሜ ማታ አሥሩ ናሪታ ሄደው በኢንቾን በኩል ወደ አዲስ አበባ ተሳፈሩ። እኔ ቀረሁ። የዓመት ፈቃዴን አስቀድሜ አስፈርሜ ነበር።

ምን ልታደርግ ነው ሲሉኝ "አንዲት ሴት አለች" አልኳቸው። ሳቁ። ቀልዴን ግን አልነበረም። ባለቤቴም ታውቃለች።

ሴትየዋ ናኦኮ ዮሺኖ ትባላለች። ሃርፕ ተጫዋች ናት። አግኝቻት አላውቅም፣ በዚህ ጉዞም አላገኘኋትም። ይህን ከአሁኑ ልናገር፤ መጨረሻ ላይ ከሷ ጋር የተነሣሁትን ፎቶ የሚጠብቅ ካለ ይቅርታ። ነገሩ የጀመረው የዛሬ ስድስት ዓመት በዓቢይ ጾም ነው። በገና መማር ጀምሬ ነበር። አንድ ማታ ዩቲዩብ ላይ በገናን በእንግሊዝኛ ስፈልግ፣ መቼም መዝገበ ቃላቱ በገናን "ሃርፕ" ነው የሚለው፣ አንዲት ጃፓናዊት ከቁመቷ የሚበልጥ ነገር ትከሻዋ ላይ አስደግፋ ብቅ አለች። የፈለግሁት ይሄን አይደለም ብዬ ላጠፋው ስል አርባ ደቂቃ አለፈ። ከዚያ ወዲህ ስለሷ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤአለሁ። የጃፓን ስልጠና ሲመጣም መጀመሪያ ትዝ ያለችኝ እሷ ናት። አለቃዬ ይህን እንዳያነብ።

እሑድ፣ ሚታካ

ከሺንጁኩ በቹኦ መስመር ተነሣሁ። ሚታካ ወርጄ አውቶብስ ያዝኩ። የምሄደው ዓለም አቀፍ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በአጭሩ አይሲዩ ይሉታል። ዮሺኖ የተመረቀችው እዚህ ነው።

መጀመሪያ ሳነበው ገርሞኝ ነበር። ልጅቷ እ.ኤ.አ. በ1967 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው) ለንደን ተወለደች። እናቷም ሃርፕ ተጫዋች ናቸው። በስድስት ዓመቷ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሱዛን ማክዶናልድ ከምትባል ታላቅ መምህርት ዘንድ ጀመረች። በ1985፣ ገና 17 ዓመቷ ሳለ፣ እስራኤል ውስጥ በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የሃርፕ ውድድር አንደኛ ወጣች። ውድድሩ በ1959 የተጀመረ፣ በየሦስት ዓመቱ የሚካሄድ ነው። የሃርፕ ሰዎች ስሙን ሲጠሩ ድምፃቸው ይለወጣል። ለሃርፕ ውድድር የዳዊትን አገር መምረጣቸው መቼም አይገርምም፤ እኛም "የዳዊት በገና" ነው የምንለው።

ያ ዓመት ለኛ ሌላ ነው። ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን በሱዳን በኩል ስንቱን መንገድ ላይ ቀብረው እስራኤል የገቡት በዚያው በ1985 መግቢያ ላይ ነበር። አገር ቤት ድርቅ ነው። እና እዚያችው አገር አንዲት ጃፓናዊት ልጅ ሃርፕ ተጫውታ አሸነፈች። ሁለቱን ምን አገናኛቸው ብትሉኝ ምንም። ቁጥሩን ሳየው ግን ሁሌ ተያይዘው ነው የሚመጡብኝ።

እንዲህ ያለች ልጅ ቀጥሎ የት ትሄዳለች? እኔ ብሆን ፓሪስ ወይም ኒውዮርክ፣ ትልቅ ኮንሰርቫቶሪ እል ነበር። እሷ ግን ቶኪዮ ውስጥ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ያልሆነ ዩኒቨርሲቲ ገባች። በኛ ቤት ቢሆን እናቶች ደስ ይላቸው ነበር፤ "ትምህርቷን ትማር፣ ሙዚቃው የትም አይሄድባትም" ነው የሚሉት። አብዛኛውን ጊዜ ሙዚቃው ይሄዳል። የሷ አልሄደም።

ከበሩ እስከ ጸሎት ቤቱ ድረስ ረጅም ቀጥ ያለ መንገድ አለ፣ ግራና ቀኙ የቼሪ ዛፍ ነው። አበባው በሚያዝያ ነው፤ እኔ በኅዳር ስለመጣሁ የደረሰኝ ቅጠሉ ነው፣ ቀልቶ መሬት ላይ ተነጥፏል። አንድ ሽማግሌ በቀርከሃ መጥረጊያ ይጠርጋሉ። ከፊታቸው ይጠርጋሉ፣ ከኋላቸው ይወድቃል። ግማሽ ሰዓት አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አየኋቸው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ብክነት ስለማስወገድ ስማር ቆይቼ ይሄን ማየት ደስ ይላል።

ሌላ የሚታይ ነገር አልነበረም። ሐውልት የላትም፣ ስሟ የተጻፈበት ግድግዳ አላየሁም። ሩዝና የተጠበሰ ዶሮ በልቼ ተመለስኩ።

ሰኞ፣ ሶካ እና ጊንዛ

ጠዋት ዝናብ። ሶካ ከቶኪዮ በስተሰሜን፣ ሳይታማ ውስጥ ያለች ከተማ ናት። በሁለት ነገር ትታወቃለች። አንዱ ሴንቤ የሚባል ከሩዝ የሚሠራ ደረቅ ብስኩት ነው፣ ሌላው ሃርፕ። ዓለም አቀፍ የሃርፕ ፌስቲቫል የምታዘጋጅ ከተማ ናት። እኔ በሄድኩበት ቀን ፌስቲቫል የለም። ሴንቤ ግን ነበር። በከሰል ላይ እያገላበጡ ሲጠብሱት የሽምብራ ቆሎ የሚቆላ ነው የሚመስለው፣ ሽታው። ሁለት ከረጢት ገዛሁ፣ አንዱ ጣቢያ ሳልደርስ አለቀ።

ጃፓን ውስጥ ስለ ሃርፕ ሲወራ አንድ ሌላ ስም አይቀርም፤ ዮሴፍ ሞልናር። የቪየና ሰው ነው። በ1952 በጃፓን ብሔራዊ ብሮድካስት፣ በኤንኤችኬ፣ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ሊጫወት መጣ፣ በዚያው ቀረ። በ2018 እስኪሞት ድረስ ስንቱን ትውልድ አስተማረ። ሃርፕ ብርቅ በነበረበት አገር አንድ ሰው መጥቶ ቢቀር እንዲህ ነው የሚሆነው። እኛም ዘንድ በገናውን ከመጥፋት ያተረፉት በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ናቸው።

ከሰዓት ጊንዛ። ሃርፕ የሚሸጥ ቤት አገኘሁ። ለጀማሪ የግማሽ ሰዓት ሙከራ ትምህርት እንዳላቸው ኢንተርኔት ላይ አይቼ ቀድሜ ተመዝግቤአለሁ። ገባሁ። እንደ ደን ቆመዋል፣ ሃያ ያህል ይሆናሉ። የአንዱን ዋጋ አየሁ፣ ዜሮዎቹን ቆጠርኩ፣ እንደገና ቆጠርኩ። ሚሊዮኖች የን። ጃኬቴን ሰብሰብ አድርጌ በመካከላቸው አለፍኩ።

መምህሯ አርባ ዓመት የሚሆናት፣ እንግሊዝኛዋ ከኔ የማይሻል፣ ቀልደኛ ሴት ናት። ፒያኖ ትጫወታለህ? አለችኝ። አይ፣ በገና አልኩ። ስልኬ ላይ ፎቶ አሳየኋት። "ኦ! ሊራ!" አለች። ልክ ናት። እኛ ሃርፕ እያልን ብንተረጉመውም በገና የሚመደበው ከክራር ጋር ነው። የኛ አውታር ከቀንበሩ ተነሥቶ፣ ከፍ አድርጎ በሚይዘው በበርኩማው ላይ አልፎ ገበቴው ላይ ይታሰራል። የሃርፕ አውታር ግን ከገበቴው ሆድ በቀጥታ ነው የሚወጣው፣ በርኩማ የሚባል ነገር የለውም። በቃ ሁለት የተለያዩ ዘመዳሞች ናቸው።

አስቀመጠችኝ። ሃርፑን ወደ ኋላ ዘንበል አድርጋ ቀኝ ትከሻዬ ላይ ጣለችው። እንደፈራሁት አይከብድም፤ ሚዛኑን ካገኘ ራሱን በራሱ ይቆማል። ሲሸከሙት ነው ጉዱ፣ 40 ኪሎ ገደማ ነው። አውታሩ 47። ቀዩ ዶ ነው፣ ጥቁሩ ፋ ነው፣ ሌላውን ከነሱ እየቆጠርክ ታገኛለህ። ትንሿ ጣት አትሠራም፣ አጭር ስለሆነች እረፍት ላይ ናት። እኔ ደግሞ በገና የምደረድረው በግራ እጄ ስለሆነ ቀኝ እጄ ምን እንደሚያደርግ ግራ ገባው።

አንዱን ወፍራም አውታር ነካሁት።

ድምፁ ጥርት ያለ ነው። እንደ ምንጭ ውሃ። ቆየ፣ ቆየ፣ ጠፋ። እና ደስ አለኝ፣ ግን የሆነ ነገር ጎደለኝ። ምን እንደሆነ የገባኝ ማታ ሆቴል ከገባሁ በኋላ ነው። እንዚራው ነው። በኛ በገና በርኩማው ላይ፣ ከየአውታሩ ሥር፣ ትንሽ ቁራጭ ቆዳ አለች፤ "ዝዝዝ" የምታሰኘው እሷ ናት። ሃርፕ አያጉረመርምም። ስድስት ዓመት ማጉረምረም ለለመደ ጆሮ ንጹሕ ድምፅ ትንሽ ራቁቱን የቆመ ይመስለዋል።

ከዚያ መምህሯ ፔዳሎቹን አሳየችኝ። ሰባት ናቸው፣ ለእያንዳንዱ ኖታ አንድ፣ እያንዳንዱም ሦስት ማረፊያ አለው። አንዱን ዝቅ ስታደርገው የሱ ኖታ የሆኑት አውታሮች ሁሉ ከላይ እስከ ታች አንድ ላይ ግማሽ ድምፅ ከፍ አሉ። ይህን ዘዴ በ1810 በስሙ ያስመዘገበው ፈረንሳዊው ሰባስቲያን ኤራር ነው። ከፊት ለሚያየው ሰው ሃርፕ ተጫዋች እጅ ብቻ ነው፤ እግሯ ግን እንደ ታክሲ ሹፌር አያርፍም።

ልወጣ ስል ሁለት የሃርፕ አውታር ገዛሁ፣ ወፍራሞቹን፣ ከአንጀት የተሠሩትን። ለምን? አለችኝ። በገናዬ ላይ ልሞክረው አልኳት። በጣም ሳቀች። የበግ አንጀት ይሁን የላም ሳልጠይቃት ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ ሚቶ

ከኡኤኖ ፈጣኑን ባቡር ያዝኩ። ከየወንበሩ በላይ ትንሽ መብራት አለች። ብዙዎቹ ቀይ ናቸው፣ ጥቂቶቹ አረንጓዴ። አረንጓዴ ማለት ለኔ "ግባ" ማለት ነው። ቁጭ አልኩ። ቀጣዩ ጣቢያ ላይ አንዲት ሴት መጥታ ዝም ብላ አጠገቤ ቆመች። ለካ አረንጓዴ ማለት ወንበሩ ተሽጧል ነው፣ ባዶው ቀዩ ነው። ተነሥቼ አምስቴ ያህል ይቅርታ ጠየቅሁ። ትኬት ተቆጣጣሪውም መጣ፤ የፈጣን ባቡሩን ተጨማሪ ክፍያ እንዳልከፈልኩ ታወቀ። ከፈልኩ። እሱም ይቅርታ ጠየቀኝ። በምን ጥፋቱ እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

ሚቶ የመጣሁት ለአንድ አዳራሽ ነው። አርት ታወር ሚቶ ይባላል፣ በ1990 የተከፈተ፣ አርክቴክቱ አራታ ኢሶዛኪ። ከጎኑ እንደተጠመዘዘ ገመድ ወደ ላይ የሚሄድ 100 ሜትር የብረት ማማ አለ፤ ቁመቱ የከተማዋን መቶኛ ዓመት ለማሰብ ነው። ስታየው ግንበኛው ሰክሮ የሠራው ነው የሚመስለው። ግን ትወደዋለህ። የኦርኬስትራ መሪው ሴጂ ኦዛዋ በ2024 እስኪሞት ድረስ የዚህ ቤት ዳይሬክተር ነበር።

በግንቦት 1992 ጃፓናዊው አቀናባሪ ቶሩ ታከሚትሱ የጻፈው አንድ ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚህ ሚቶ ቀረበ። ርዕሱን ከኤሚሊ ዲኪንሰን ግጥም ነው የወሰደው፣ "ያኔ ነፋስ እንደነበር አወቅሁ" እንደማለት ነው። ሦስት ሰው ነው የሚጫወተው፤ ፍሉት ኦሬል ኒኮሌ፣ ቪዮላ ኖቡኮ ኢማይ፣ ሃርፕ ናኦኮ ዮሺኖ። እሷ ያኔ 24 ዓመቷ ነው። ሦስቱን መሣሪያዎች እንዲህ አገጣጥሞ ሶናታ የጻፈው በ1915 ፈረንሳዊው ደቡሲ ነበር። ታከሚትሱ ደቡሲን ይወድ ነበር፣ ስለዚህ ይሄ እንደ ዘመድ ጥየቃ ነው።

ኮንሰርት ስላልነበረ አዳራሹ ዝግ ነው። አደባባዩ ላይ በሽቦ የተንጠለጠለ ግዙፍ ድንጋይ አለ፣ ውሃ ከየአቅጣጫው ይረጭበታል። ከፊቱ ቁጭ ብዬ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሰክቼ ያንኑ ሥራ ከፈትኩት። ፍሉቱ ይተነፍሳል። ቪዮላው ከጎሮሮው ይናገራል። ሃርፑ አጃቢ አይደለም፣ ጠያቂ ነው፤ አንድ ሁለት ድምፅ ይጥልና ዝም ይላል፣ ሌሎቹ ሊመልሱለት ይሞክራሉ። ሁለት ሕፃናት ውሃው ውስጥ እጃቸውን ይከታሉ፣ እናትየው ትጮኻለች። በማዳመጫው ውስጥ እሷም ትሰማኛለች። አልከፋኝም።

እዚህ ነው አንድ ነገር የገባኝ። ሃርፕ ከኋላ የሚቀመጥ መሣሪያ ነው። ትልልቆቹ አቀናባሪዎች ኦርኬስትራው ጀርባ አስቀምጠውት፣ ሃያ ደቂቃ አስጠብቀው፣ አንድ "ዥርርር" አስደርገው ይሄዳሉ። ሞዛርት በ1778 ፓሪስ ውስጥ ለፍሉትና ለሃርፕ አንድ ኮንሰርቶ ጻፈ፣ እሱም አንድ መስፍን ከልጁ ጋር ሊጫወተው አዝዞት ነው፤ አልደገመውም። ደቡሲና ራቬል በ1904 እና በ1905 አንዳንድ ሥራ ጻፉ፣ ያውም ሃርፕ የሚሠሩ ድርጅቶች አዝዘዋቸው። ቫዮሊኒስት ወይም ፒያኒስት የሆነ ሰው ዕድሜ ልኩን ቢጫወት የማይጨርሰው ክምር ይጠብቀዋል። ብቻዋን መድረክ ፊት ልትቀመጥ የፈለገች ሃርፕ ተጫዋች ግን ክምሩን ራሷ ማስከመር አለባት። ዮሺኖ ያደረገችው ይሄንን ነው። ከታከሚትሱ በኋላ ዩጂ ታካሃሺ ጻፈ፣ በ2001 ቶሺዮ ሆሶካዋ ለሃርፕና ለኦርኬስትራ ጻፈ፣ መጀመሪያ የተጫወተቻቸው እሷ ናት። ኦርኬስትራ ውስጥ አንድ ወንበር ይዛ ደመወዟን እየበላች መኖር ትችል ነበር። ከበርሊን ፊልሃርሞኒክም ከእስራኤል ፊልሃርሞኒክም ጋር ተጫውታለች፣ ግን እንደ እንግዳ፣ ከፊት ሆና። ከኦርኬስትራ መሪው ኒኮላውስ ሃርኖንኩር ጋር ያን አንዱን የሞዛርት ኮንሰርቶ ቀድታለች፤ ከዚያ መለስ ብላ ደግሞ ከሁለትና ከሦስት ሰው ጋር ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ትጫወታለች። ሥራዋን ሳየው ብዙ የሰው ስም ነው ያለው። ቫዮሊኒስቱ ክሬመር፣ ፍሉት ተጫዋቹ ፓሁ፣ ኢማይ፣ ኒኮሌ። ሹመት የለውም።

ማማው ላይ ወጣሁ። 86 ሜትር ላይ ክብ ክብ መስኮቶች አሉ፣ መርከብ ውስጥ ያለህ ይመስልሃል። ምሳ ናቶ በላሁ፣ ሚቶ የናቶ ከተማ ናት። የተብላላ አኩሪ አተር ነው። ባሚያ እንደሚዝለገለግ ያውቃል ሰው፤ ይሄ የባሚያ አያት ነው። ጨረስኩት። አንዴ ይበቃል።

ረቡዕ፣ ወደ ፉኩይ

ከቶኪዮ ፉኩይ ሺንካንሰን በሚባለው እጅግ ፈጣን ባቡር ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። መስመሩ እስከዚያ የደረሰው በመጋቢት 2024 ነው፣ ስለዚህ ጣቢያው ገና ቀለም ቀለም ይሸታል። በር ላይ የሚቀበሉህ ዳይኖሰሮች ናቸው፣ አንገታቸውን እያነቃነቁ ይጮኻሉ። ክፍለ ሀገሩ ውስጥ ብዙ የዳይኖሰር አጽም ስለተገኘ ነው። ማታ ሶባ የሚባል ቀዝቃዛ ፓስታ ከተፈቀፈቀ ነጭ ራዲሽ ጋር በላሁ፣ ራዲሹ እንደ ሰናፍጭ አፍንጫ ውስጥ ይገባል። ተኛሁ።

ሐሙስ፣ ኤይሄይጂ

ኤይሄይጂ ማለት የገዳሙም የከተማዋም ስም ነው። ገዳሙን ዶገን የተባለ መነኩሴ በ1244 መሠረተው። ከተማዋ ውስጥ ደግሞ የጃፓን ሃርፖች የሚሠሩበት የአኦያማ ፋብሪካ አለ። ይህን ያነበብኩ ቀን ነው ጉዞዬን የወሰንኩት። ሃርፕና ገዳም አንድ ሸለቆ ውስጥ! ሌላ ሰው ዲዝኒላንድ ይሂድ።

በትንሽ ባቡር ወጣሁ፣ ከዚያ አውቶብስ። ብርዱ የደብረ ብርሃን ብርድ ነው፣ እርጥበት ተጨምሮበት። ገዳሙ በር ላይ ጫማ ይወለቃል፤ ይሄ ለኛ አዲስ አይደለም። አዲሱ ነገር ከዚያ በኋላ በካልሲ አንድ ሰዓት መሄድህ ነው። አዳራሾቹ ተራራው ላይ ወደ ላይ ተደርድረዋል፣ በተሸፈነ የእንጨት ደረጃ ይያያዛሉ፣ ደረጃው ስንት መቶ ዓመት ሲወለወል ኖሮ እንደ መስታወት ያበራል። አንድ ወጣት መነኩሴ ጎንበስ ብሎ ጨርቁን በሁለት እጁ ይዞ እየሮጠ ይወለውላል። ሳይቀና መጨረሻ ደረሰ፣ ዞረ፣ ተመለሰ። ውጭ ያረጁ የጥድ ዛፎች ናቸው። ውሃ ይወርዳል። ሰው አለ፣ ድምፅ የለም። እኛ አገር ገዳም ስትሄድ ቢያንስ ዶሮ አለ።

ከሰዓት ወደ ፋብሪካው ሄድኩ። ሳልቀጠር ነው የሄድኩት፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ኢሜይል መጻፍ ለሦስት ወር ሳስበው የኖርኩት ነገር ነበር። ስለዚህ በሩ ላይ ቆምኩ፣ ጎንበስ ብዬ ሰላምታ ሰጠሁ፣ ተመለስኩ። ስለ አሠራሩ የማውቀው ካነበብኩትና ጊንዛ ካለችው መምህር ነው።

የሃርፕ ደረት የሚሠራው ከስፕሩስ እንጨት ነው፣ ስስ ነው። አርባ ሰባቱ አውታሮች አንድ ላይ ወደ አንድ ቶን በሚጠጋ ኃይል ይህን ስስ እንጨት ወደ ላይ ይጎትቱታል፣ ቀን ከሌሊት፣ ማንም ባይነካውም። እንጨቱ ከዓመት ዓመት ሆዱ ይነፋል። ቫዮሊን ሦስት መቶ ዓመት ኖሮ ዋጋው ሰማይ ይነካል፤ ሃርፕ ግን ራሱን በራሱ እየጎተተ ያረጃል። ከፊት ያለው አምድ ባዶ ነው፣ የሰባቱ ፔዳል ዘንጎች በውስጡ አልፈው አንገቱ ላይ ወዳሉት ትናንሽ ጎማዎች ይሄዳሉ። የሚንቀሳቀሰው ዕቃ ከሺህ በላይ ነው ይላሉ። እና ይህን ይዘህ አውሮፕላን አትሳፈርም። ቫዮሊኒስት የራሱን ይዞ ይዞራል፤ የሃርፕ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የማያውቀው ከተማ ደርሶ የማያውቀውን ሃርፕ ይሰጡታል፣ በአንድ ከሰዓት ጠባዩን አጥንቶ ማታ ይጫወትበታል። የበገና ሰው በጨርቅ ጠቅልሎ ሚኒባስ ውስጥ ጭኑ ላይ ያስቀምጠዋል። ረዳቱ የሁለት ሰው ሒሳብ ሊጠይቅ ይችላል፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ማታ ለየኔታ ደወልኩ። በገና የሚያስተምሩኝ እሳቸው ናቸው።

"የት ነህ?" አሉኝ።

"ገዳም ነኝ፣ የኔታ።"

"ጃፓን አይደለህም እንዴ?"

"እዚሁ ጃፓን ነው። ሃርፕ ሞከርኩ።"

"ስንት አውታር አለው?"

"አርባ ሰባት።"

ዝም አሉ። ከዚያ "ምን ያደርግለታል?" አሉ።

ፔዳሉን ላስረዳቸው ሞከርኩ። እግር ሲሰሙ "ዳዊት በእግሩ?" ብለው ሳቁ፤ ካርዴ እስኪያልቅ ሳቁብኝ።

ዓርብ፣ ናራ

ጉዞው ረጅም ነው፣ ሁለት ጊዜ ባቡር ቀየርኩ፣ ኪዮቶን በመስኮት አየኋት። ናራ ስደርስ አጋዘኖች መንገድ ላይ እንደ ቦሌ ፍየል ይንጎራደዳሉ። አንዱ ከኪሴ የወጣውን የካርታ ጫፍ በላብኝ።

የመጣሁት ለሾሶይን ነው። ከስምንተኛው ክፍለ ዘመን የቆየ የእንጨት ግምጃ ቤት ነው፣ በምሰሶዎች ላይ ከመሬት ከፍ ብሎ የቆመ። በ756 ንጉሠ ነገሥት ሾሙ ሲሞት ሚስቱ ኮምዮ ዕቃዎቹን ለቤተ መቅደስ ሰጠች፣ እነሱም እዚያ ተቀመጡ። ከዕቃዎቹ ጥቂቱን በየዓመቱ በጥቅምት መጨረሻ አካባቢ ሙዚየም ውስጥ ለሁለት ሳምንት ያህል ያሳያሉ። እኔ የደረስኩት ካለቀ በኋላ ነው። ይህንንም ቀድሜ ማየት እችል ነበር። ሕንፃውን ግን በሥራ ቀን ከውጭ ያሳዩሃል። ሦስት ማዕዘን ሆነው የተጠረቡ ግንዶች ተነባብረው ነው ግድግዳው የተሠራው፣ ያለ መስኮት። ላሊበላን ያየ ሰው ለአሮጌ ነገር ቶሎ አይደነግጥም፤ ግን እንጨት ነው እኮ፣ እንጨት፣ 1,200 ዓመት በላይ፣ ዝናብ በማያቆምበት አገር።

እዚያ ውስጥ የሁለት ኩጎ ስብርባሪ አለ። ኩጎ የድሮ ሃርፕ ነው። ከምዕራብ እስያ ተነሥቶ በሐር መንገድ ቻይና ገባ፣ ከዚያ ጃፓን። ማለትም ሃርፕ እዚህ አገር እንግዳ አይደለም፤ አንዴ መጥቶ ነበር። ከዚያ ጠፋ። ሰው ረሳው፣ አጨዋወቱም ከሰው ጋር ሞተ፣ የቀረው የተሰበረ እንጨት ነው። ከሺህ ዓመት በኋላ ሃርፕ በአውሮፓ በኩል ዞሮ ተመለሰ። በእኛ ዘመን ደግሞ ከስብርባሪው ተነሥተው ኩጎን እንደገና ሠሩት። ቅድም ስሙን የጠራሁት ታካሃሺ ለጊዶን ክሬመርና ለዮሺኖ ሲጽፍ ቫዮሊን፣ የሰው ድምፅና ኩጎ ነው ያደረገው። ለንደን ተወልዳ፣ ሎስ አንጀለስ ተምራ፣ እስራኤል ያሸነፈች ልጅ ዞራ ዞራ የእጇን ጣት የገዛ አገሯ የረሳው አውታር ላይ አሳረፈች።

አጥሩ ጋ ቆሜ ብዙ ቆየሁ። ጠባቂው ሰዓቱን አሳየኝ፣ ሦስት ሰዓት ከሰዓት ይዘጋል። እኔ በኛ ሰዓት እየቆጠርኩ ዘጠኝ ሰዓት ብዬ ለራሴ ተረጎምኩት።

ቅዳሜ፣ ናሪታ

ቀኑን ሙሉ ባቡር። አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣዬን ሲፈትሹ ሁለቱን አውታሮች አገኟቸው፣ በክብ ተጠቅልለው። ፈታሿ አንስታ በብርሃን አየቻቸው። ሃርፕ አልኳት፣ በጣቴ አየር ላይ ደረደርኩላት። እሷም ደረደረች፣ በሁለት እጇ፣ ከኔ በተሻለ። መልሳ ጠቅልላ አስቀመጠችልኝ።

እሑድ፣ አዲስ አበባ

ስድስተኛውን አውታር ፈታሁና የጊንዛውን አሰርኩ። መቃኛው ላይ አንዴ ተንሸራተተ፣ ከዚያ ያዘ። ከሰዓት የኔታ ቤት ይዤው ሄድኩ። በገናውን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አስደገፉት። አንደኛውን፣ ሁለተኛውን ነኩ። ስድስተኛው ላይ ደርሰው ቆሙ። እንደገና ነኩት። እንዚራውን በጣታቸው ትንሽ ገፋ አድርገው አስተካከሉ፣ አጉረመረመ።

"ይሄ የማን በግ ነው?" አሉኝ።